የካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን አጭር የሕይወት ታሪክ

በወግዲ ደጋ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው የአገሩ ውበትና የመንገዱ ጭንቅ ባንድነት ይታየዋል። ማዶ ያለው የጎጃም ምድር እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስላል፤ ነገር ግን ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ማዶ ለመድረስ ብርቱ እግር ያለው ሰው እንኳ ብዙ ይደክማል። በዚሁ ሸለቆ ላይ አንዳንድ ቀን አይሮፕላን ሲያልፍ እረኞች ዱላቸውን ተደግፈው ቀና ይላሉ። አይሮፕላኑም ገና ድምፁን ሰምተው ሳይጠግቡ ማዶ ደርሶ ይሰወራል።

ልጆች ይህን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ግን የአይሮፕላን ድምፅ ሲሰሙ ሁልጊዜ ደስታ አይሰማቸውም። አንዳንዶቹ ከአባቶቻቸው የሰሙት የጣልያን ጦርነት ትዝ ይላቸዋል። ሌሎቹም ወደ ጦር ሜዳ ሄዶ ያልተመለሰ ልጃቸው ትዝ ይላቸዋል። በአገራችን የሞተ ሰው ይለቀስለታል፣ ይቀበራል፣ ተዝካሩም ይወጣለታል። በጦርነት መካከል ደብዛው የጠፋ ሰው ግን መቃብር የለውም፤ ቤተሰቡም አልቅሶ አይወጣለት፣ ጠብቆ አያገኘው። ከወታደር ሁሉ ይልቅ ይህ ዕጣ የሚከፋው በአየር ነጂ ላይ ነው። እግረኛ ወታደር ሲወድቅ አጠገቡ ጓደኛ አለው፤ አይሮፕላን ነጂ ግን በጠላት አገር ላይ ሲመታ መውደቁን እንጂ መጨረሻውን የሚያይለት ወገን የለውም።

ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ስለ አገራችን አየር ነጂዎች ለመጻፍ በተነሣሁ ጊዜ፣ ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር ብዬ የመምህራኑን መምህር ፈለግሁ። ያን ጊዜ ያገኘሁት የአንድ የሩቅ አገር ሰው ታሪክ ነው። እኚህ ሰው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሚባሉ የስዊድን ተወላጅ ናቸው። ገና በወጣትነታቸው ከወሎ ሰማይ በታች ቁስለኛ ሲያመላልሱ ኖረው፣ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ በኦጋዴን ምድር በጦርነት የሞቱ ናቸው። ስለዚህ ታሪካቸው የስዊድን ብቻ ሳይሆን የእኛም ታሪክ ነው።

ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በነሐሴ 13 ቀን 1901 ዓ.ም. በስዊድን አገር በሶደርማንላንድ አውራጃ ተወለዱ። ካውንት የሚለው ስም በአውሮፓ የመሳፍንት ማዕርግ ነው። አባታቸው ካውንት ኤሪክ ፎን ሮዘን በአፍሪካና በደቡብ አሜሪካ እየተዘዋወሩ የሕዝቦችን ኑሮና ልማድ የሚመረምሩ ባለጸጋ ሰው ነበሩ። መኖሪያቸውም ሮከልስታድ የሚባል በሐይቅ ዳር የተሠራ ግንብ ነበር። በ1910 ዓ.ም. ፊንላንድ ነፃነቷን ባገኘችበት ወራት፣ ካውንት ኤሪክ ለዚያች አገር ጦር አንድ አይሮፕላን በስጦታ ሰጡ። የፊንላንድ አየር ኃይል የጀመረው በዚያች አይሮፕላን ነው ይባላል። እንግዲህ ካርል ጉስታፍ ገና በልጅነታቸው የተመለከቱት ምሳሌ፣ አንድ ሰው በአንድ አይሮፕላን ለአንድ አገር ምን ሊያደርግ እንደሚችል የሚያሳይ ነበር።

ነገር ግን ከዚያው ግንብ ሌላም ታሪክ ወጥቷል። በ1912 ዓ.ም. ክረምታቸው በበረታበት ወራት፣ ሄርማን ጎሪንግ የሚባል የጀርመን አየር ነጂ ካውንት ኤሪክን በአይሮፕላን ወደ ግንባቸው አደረሳቸው። እዚያም የካርል ጉስታፍን እናት እኅት ካሪንን አገኛት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም አገባት። ይህ ሰው ከጊዜ በኋላ የሂትለር ዋነኛ ረዳትና የጀርመን አየር ኃይል አዛዥ የሆነው ጎሪንግ ነው። አባትየው ካውንት ኤሪክም ለናዚዎች ሐሳብ ያደሉ ነበሩ። ልጃቸው ግን በዚያ መንገድ አልሄዱም። ሰው ዘመዱን መርጦ አይወለድም፤ መንገዱን ግን መርጦ ሊሄድ እንደሚችል የእኚህ ሰው ሕይወት ያስረዳል።

ካርል ጉስታፍ በትምህርት ቤት ሳሉ ከመጽሐፍ ይልቅ ሞተር የሚወዱ ልጅ ነበሩ። በ1921 ዓ.ም. ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው የአየር ነጂነት ፈቃድ አገኙ። ከዚያም በአየር ላይ ልዩ ልዩ ጨዋታ እያሳዩ ከከተማ ወደ ከተማ በሚዘዋወር ቡድን ገብተው፣ አይሮፕላናቸውን እየገለበጡና እያሽከረከሩ ሕዝብ ያስደንቁ ነበር። ይህ ሥራ ለጊዜው ከንቱ ጨዋታ ይመስላል። ቢሆንም ዝቅ ብሎ መብረርን፣ በጠባብ ሜዳ ላይ ማረፍን፣ በአደጋም ጊዜ አለመደንገጥን ያስተማራቸው ያ ጨዋታ ነው። በኋላ በኢትዮጵያ ተራሮች መካከል ያዳናቸውም ይኸው ችሎታ ነበር።

በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ አገራችንን ወረረ። በዚያን ጊዜ ኢጣልያ ለጦርነቱ በመቶ የሚቆጠሩ አይሮፕላኖች አሰልፋ ነበር። ኢትዮጵያ ግን የነበሯት ከአሥር እምብዛም የማይበልጡ፣ አብዛኞቹም መሣሪያ የሌላቸው አይሮፕላኖች ነበሩ። እነርሱም የሚያገለግሉት መልእክተኛና መድኃኒት ለማድረስ ነበር። ከነጂዎቹም መካከል ከአሜሪካ ከቺካጎ ከተማ የመጡት ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን፣ እንዲሁም ሚሽካ ባቢቼፍ ይገኙ ነበር።

ስዊድንና ኢትዮጵያ ከዚያ በፊትም ይተዋወቁ ነበር። ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ወጣት ኢትዮጵያውያንን ያስተምሩ የነበሩት የስዊድን መኮንኖች ናቸው። ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ የስዊድን ሕዝብ ገንዘብ አዋጥቶ የቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ላከ። የሃያ ስድስት ዓመቱ ፎን ሮዘንም ትንሽ የሄንክል አይሮፕላን ይዘው የጓዱ አየር ነጂ በመሆን ወደ አገራችን መጡ።

ቀይ መስቀል በጦርነት ጊዜ እንዳይነካ የዓለም መንግሥታት ተስማምተው ነበር። ኢጣልያም ከተስማሙት አንዷ ነበረች። ነገር ግን በኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አይሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ፣ በከተማው የነበረው የአሜሪካውያን ሆስፒታል ጭምር ተመታ። በታኅሣሥ 20 ቀንም በደቡብ በኩል መልካ ዲዳ በተባለው ስፍራ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሠፈር ከአየር ተደበደበ። ብዙ ሕሙማንና አንድ ስዊድናዊ ሠራተኛ ሞቱ። ከዚያ ወዲያ ቀይ መስቀል የተሳለበት ድንኳን መጠለያ መሆኑ ቀርቶ ዒላማ መሆኑን ሁሉም ዐወቀ።

ፎን ሮዘን ይህን እያወቁ ወደ ሰሜን በረሩ። በመጋቢት ወር የንጉሠ ነገሥቱ ሠፈር ኮረም ነበር። ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ ኮረም የሚወስደው የእግርና የመኪና መንገድ ብዙ ቀን የሚፈጅ፣ ከአየርም የሚደበደብ ስለ ነበረ፣ መድኃኒትና ሐኪም ፈጥኖ የሚደርሰው በአይሮፕላን ብቻ ነበር። ፎን ሮዘን ከስዊስ አገር የመጡትን የዓለም ቀይ መስቀል መልእክተኛ ዶክተር ማርሴል ዡኖን ይዘው ኮረም ወረዱ። ጥቂት ቆይቶ የኢጣልያ አይሮፕላኖች መጥተው፣ የቀይ መስቀል ምልክት የተሳለባትን አይሮፕላን በሜዳው ላይ ደብድበው አቃጠሏት። ሰዎቹ ሮጠው በመጠለል ዳኑ። እኚሁ ዶክተር ዡኖ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የአቶሚክ ቦምብ በወደቀባት በሂሮሺማ ለተጎዱት ሰዎች መድኃኒት ያደረሱ መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል።

በኮረም ሜዳና በዙሪያው የታየው ነገር ግን ከተቃጠለች አይሮፕላን የከፋ ነበር። ኢጣልያ በ1925 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጄኔቭ ከተማ የመርዝ ጋዝ እንዳይነሣ የተደረገውን ስምምነት ፈርማ ሳለ፣ ከአየር የሰናፍጭ ጋዝ የተባለውን መርዝ በወታደርና በገበሬ ላይ ታዘንብ ነበር። ይህ መርዝ ዓይን ያሳውራል፣ ቆዳ ይልጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል። ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው መርዙ የወደቀበትን ሣር ሲረግጥ እግሩ ይላጥ ነበር። በሬ ጠማጁ ገበሬ፣ ውኃ ቀጂዋ ሴት፣ በግ ጠባቂው ልጅ ሳይቀሩ ተለበለቡ። ፎን ሮዘንም ቁስለኞችን ሲረዱ ሰውነታቸው በዚሁ መርዝ ተቃጠለ። መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ሆነ፤ ሠራዊታችንም ተበታተነ። ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ፎን ሮዘን ወደ አገራቸው ሲመለሱ ቁስላቸውን ብቻ ሳይሆን የዓይን ምስክርነታቸውንም ይዘው ሄዱ።

ከዚህ በኋላ ፎን ሮዘን በሆላንድ አገር የአየር መንገድ ድርጅት ተቀጥረው የመንገደኛ አይሮፕላን ነጂ ሆኑ። በኅዳር 1932 ዓ.ም. የሶቪየት ሩሲያ ጦር ትንሿን ፊንላንድን በወረረ ጊዜ ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። አንድ የመንገደኛ ዳግላስ አይሮፕላንና ሁለት ትናንሽ አይሮፕላኖች አግኝተው ለፊንላንድ አስረከቡ። የመንገደኛዪቱም አይሮፕላን ቦምብ እንድትጥል ሆና ተሠራች፤ እርሳቸው ራሳቸውም ነዷት። ያች አይሮፕላን እስከ ዛሬ በፊንላንድ ተጠብቃ ትገኛለች። ኢትዮጵያን ሲረዱ መድኃኒት ብቻ ይዘው የነበሩት ሰው፣ በፊንላንድ መሣሪያ አነሡ። ምናልባት በኮረም ያዩት ነገር፣ ምልክት ብቻውን ደካማን እንደማያድን አስተምሯቸው ይሆናል።

በግንቦት 1932 ዓ.ም. ጀርመን ሆላንድን ያዘች። ፎን ሮዘን ወደ እንግሊዝ አየር ኃይል ገብተው ጀርመንን ለመውጋት አመለከቱ። እንግሊዞች ግን የጎሪንግ ዘመድ ናቸው ብለው ሳይቀበሏቸው ቀሩ። ይህ በሕይወታቸው ካጋጠማቸው መራራ ነገር አንዱ ነው። የኢትዮጵያን ቁስለኛ ያሸከመች ክንፍ፣ ለፊንላንድ የተዋጋች ክንፍ፣ በአክስታቸው ባል ስም ምክንያት ታሠረች። ስለ ሰው በዝምድናው ብቻ መፍረድ እንዴት ያለ ስሕተት እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ኢትዮጵያ አየር ኃይሏን እንደገና ለማቋቋም ፈለገች። ጠላት ከሰማይ መጥቶ እንዴት እንዳቃጠላት ስላልረሳች፣ ይህ ጉዳይ ቅንጦት አልነበረም። ለዚሁ ሥራ ከስዊድን መምህራን ተጠሩ። ፎን ሮዘንም ከ1938 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ በቢሾፍቱ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት አየር ኃይል ዋና አስተማሪና መሪ በመሆን አገለገሉ።

በዚያ ጊዜ ሥራው ቀላል አልነበረም። የማሠልጠኛ አይሮፕላኖቹ ሳዓብ ሳፊር፣ የጦርነቶቹም ሳዓብ 17 የተባሉ የስዊድን ሥራዎች ነበሩ። ከስዊድን እስከ ቢሾፍቱ የሚመጡትም እየተነዱ በአየር ነበር። በግንቦት 1939 ዓ.ም. ፎን ሮዘን አንዲቱን ትንሽ ሳፊር አይሮፕላን ተጨማሪ ቤንዚን አስጭነው፣ ከስቶክሆልም ተነሥተው በመካከል አንድም ቦታ ሳያርፉ አዲስ አበባ ገቡ። መንገዱ 6,220 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የፈጀው ጊዜ 30 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ነበር። እስቲ አንባቢ ያስበው፤ አንድ ሞተር ብቻ ያላት ትንሽ አይሮፕላን የአውሮፓን ምድር፣ የሜዲትራኒያንን ባሕርና ሰፊውን በረሃ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት አልፎ እስከ ማግሥቱ ድረስ ስትበር! ያች ሞተር በመካከል ብትቆም ኖሮ ነጂዋ ወይ በባሕር ወይ በበረሃ ደብዛቸው በጠፋ ነበር።

የእውነት ታሪክ የምስጋና ብቻ አይደለምና ጉድለቱንም መናገር ይገባል። በዚያው ዘመን በጦርነቱ ጊዜ ያገለገሉት ጆን ሮቢንሰን ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው አየር ነጂዎችን ያስተምሩ ነበር። በእርሳቸውና በፎን ሮዘን መካከል ብርቱ ጠብ ተነሣ፤ ሁለቱም ኢትዮጵያን የሚወዱ ሰዎች ሳሉ አብረው ለመሥራት አልቻሉም። ሮቢንሰን በ1946 ዓ.ም. በአይሮፕላን አደጋ ቆስለው አዲስ አበባ ሞቱ። ዛሬ የአገራችንን የአየር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም ባንድነት ሊያመሰግን ይገባዋል።

በቢሾፍቱ የተማሩት ኢትዮጵያውያን በጊዜው ራሳቸው አስተማሪዎች ሆኑ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም አዛዥነቱ ከስዊድኖች ወደ ኢትዮጵያውያን መኮንኖች ተላለፈ። የመልካም መምህር ምልክቱ ይህ ነው፤ ተማሪው ያለ እርሱ መቆም ሲችል ሥራው ተፈጸመ ማለት ነው።

ፎን ሮዘን ከኢትዮጵያ ከወጡ በኋላም በአፍሪካ ሰማይ ላይ መብረር አልተዉም። በናይጄሪያ ቢያፍራ የተባለው ክፍል ተገንጥሎ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ሕዝቡ በመከበብ ምክንያት በረሃብ ያልቅ ነበር። በነሐሴ 1960 ዓ.ም. ፎን ሮዘን እህልና መድኃኒት የጫነ ትልቅ አይሮፕላን ይዘው፣ ከመድፍ ለማምለጥ እጅግ ዝቅ ብለው እየበረሩ ወደ ተከበበው አገር ገቡ። በዚህ ሥራቸው ብዙ ሰው አመሰገናቸው።

በሚቀጥለው ዓመት ግን ዓለምን ያስደነገጠ ነገር አደረጉ። ትናንሽ የስዊድን የማሠልጠኛ አይሮፕላኖች አግኝተው ሮኬት አስገጠሙባቸው። በግንቦት 14 ቀን 1961 ዓ.ም. አምስት ሆነው የዛፍ ጫፍ እየታከኩ በመብረር፣ በፖርት ሃርኮርት የነበረውን የናይጄሪያ መንግሥት የአየር ጣቢያ መቱ። ሐሳባቸው ረሃብተኛውን የሚደበድቡትን አይሮፕላኖች በመሬት ላይ ለማጥፋት ነበር።

በዚህ ነገር ላይ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አንዳንዶች እህል የሚያደርስ ሰው መሣሪያ ካነሣ በኋላ የሚመጡት የእርዳታ አይሮፕላኖች ሁሉ እንደ ጠላት ይታያሉ ይላሉ። ሌሎችም ልጆች ሲደበደቡ ያየ ሰው ደብዳቢውን ማስቆሙ አያስነቅፈውም ይላሉ። በዚሁ ጊዜ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የናይጄሪያን አንድነት ደግፎ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም የሽምግልናው ጉባኤ ሰብሳቢ ሆነው ይደክሙ ነበር። ስለዚህ ፎን ሮዘን አሥር ዓመት ካገለገሏቸው ንጉሠ ነገሥት ሐሳብ ጋር ተለያይተው ቆሙ። ቢያፍራም በጥር 1962 ዓ.ም. እጇን ሰጠች። እኔ ተማሪ እንደ መሆኔ በዚህ ላይ ፍርድ ልሰጥ አልደፍርም። ነገር ግን አንድ ነገር አያለሁ፤ ይኸውም በኮረም የተቃጠለችው የቀይ መስቀል አይሮፕላን ከእኚህ ሰው ልብ እንዳልወጣች ነው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በአገራችን ታላቅ ረሃብ ሆነ። ከሁሉ ይልቅ የተጎዳው የእኛው የወሎ ሕዝብ፣ በተለይም በምሥራቅ በኩል በመኪናው መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ሕዝብ ነበር። ረሃቡ ለብዙ ጊዜ ተሸፍኖ ቆይቶ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ ባሳዩ ጊዜ ተማሪዎች ተነሡ፤ በኋላም የውጭ አገር ጋዜጠኞች ነገሩን በዓለም ፊት አወጡት። ይህም ነገር በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ለመንግሥቱ መውደቅ አንዱ ምክንያት ሆነ።

እህል ከውጭ አገር መጥቶ ወደብና ከተማ ሲደርስ ታላቁ ችግር መንገድ ነበር። እኛ የወግዲና የመካነ ሰላም ልጆች ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገንም። ጎታ ሙሉ እህል በዚህኛው አፋፍ ቢኖር፣ በዚያኛው አፋፍ ያለ ሰው በረሃብ ሊሞት ይችላል፤ በመካከላቸው ገደል አለና። መኪና አይደርስም፤ አህያና በቅሎም በረሃቡ አልቀዋል ወይም ደክመዋል።

ፎን ሮዘን በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከስድሳ ዓመት በላይ ነበር። በአገራቸው ጡረታ ወጥተው ሊቀመጡ ሲችሉ እንደገና ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ያሰቡትም ዘዴ ይህ ነው፤ በትናንሽ አይሮፕላኖች ክንፍ ሥር ቦምብ በሚሰቀልበት ቦታ የእህል ከረጢት መስቀል። ከዚያም አይሮፕላኒቱ ፍጥነቷን ቀንሳ፣ ከመሬት ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብላ እየበረረች፣ ከረጢቱን በተራበው ሰው መንደር አጠገብ ትለቃለች። ከከፍታ ቢጣል ከረጢቱ ፈንድቶ እህሉ ይበተናል፤ ዝቅ ተብሎ ሲጣል ግን ይድናል። ለዚህ ደግሞ በተራራና በገደል መካከል ዝቅ ብሎ መብረርን የሚያውቅ ነጂ ያስፈልጋል። በወጣትነታቸው ሕዝብ ለማስደነቅ የተማሩት ጨዋታ፣ በቢያፍራም ለጦርነት ያዋሉት ችሎታ፣ በስተርጅና ለእንጀራ ዋለ። በ1928 ዓ.ም. ከሰማይ መርዝ ሲዘንብበት ላዩት ሕዝብ፣ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ከዚያው ሰማይ እህል አወረዱለት። ከሕይወታቸው ሁሉ ለእኔ የሚበልጥብኝ ሥራ ይህ ነው።

በ1969 ዓ.ም. በኦጋዴን በኩል የጦርነት ደመና ተነሣ። ፎን ሮዘን በእርዳታ ሥራ ላይ ሆነው በጎዴ ከተማ ነበሩ። በሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. የሶማሌ ጦር በጎዴ ላይ አደጋ ሲጥል፣ እኚህ ሽማግሌ በመሬት ላይ ሳሉ ተገደሉ። ዕድሜያቸው ስድሳ ሰባት ዓመት ነበር። በልዩ ልዩ ጦርነት መካከል የበረሩ፣ አይሮፕላናቸው ተቃጥሎ የዳኑ፣ ባሕርና በረሃ ያለ ዕረፍት የተሻገሩ ሰው፣ ሞት ያገኛቸው እግራቸው መሬት ረግጦ ሳለ ነው።

ከዚያች ቀን በኋላ ታላቁ የኦጋዴን ጦርነት ተነሣ። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ነጂዎች በኤፍ 5 አይሮፕላኖቻቸው ወጥተው የጠላትን ሚግ 21 አይሮፕላኖች ተቋቋሙ፤ የአገራቸውንም ሰማይ አስከበሩ። እነዚህ ጀግኖች ፎን ሮዘን ካገለገሉበት ከቢሾፍቱ የወጡ፣ የተማሪዎቻቸው ተማሪዎች ነበሩ። ነገር ግን ሰማዩ በነፃ አልተገኘም። ከመካከላቸው የተመቱ፣ በጃንጥላ የወረዱ፣ የወደቁም ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ለገሠ ተፈራ ናቸው። አይሮፕላናቸው ተመትቶ በጠላት እጅ ወድቀው በሶማሌ እስር ቤት አሥራ አንድ ዓመት ቆዩ። በ1980 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ከተስማሙ በኋላ ተለቀው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በኋላም የጄኔራልነት ማዕርግ አገኙ።

አሥራ አንድ ዓመት ማለት ምን ማለት ነው? አንድ ልጅ አንደኛ ክፍል ገብቶ በዚህ ትምህርት ቤት አሥራ አንደኛ ክፍልን እስኪጨርስ ያለው ጊዜ ነው። ያን ያህል ዘመን በር ሲንኳኳ መደንገጥ፣ ሬዲዮ ሲከፈት ጆሮ መስጠት፣ በዓል ሲመጣ አንድ ሰሐን ማጉደል አለ። ለገሠ ተፈራ ተመለሱ። በተለያዩ ጦርነቶች ከሄዱት መካከል ያልተመለሱትና ወሬያቸውም ያልተሰማው ግን ብዙዎች ናቸው። የእነርሱ ስም በየቤቱ ግድግዳ ላይ ባለች ፎቶግራፍ ብቻ ይኖራል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? በመጀመሪያ፣ ሰው የተወለደበትን ቤት ሳይሆን የሠራውን ሥራ መመልከት እንዳለብን እንማራለን። ሁለተኛም፣ ትምህርት ወይም ችሎታ በራሱ መልካምም ክፉም እንዳልሆነ እናያለን፤ አንዱ ክንፍ መርዝም፣ ሮኬትም፣ እህልም ሊሸከም ይችላልና። የሚለየው የሚነዳው ሰው ልብ ነው። ሦስተኛም፣ እርዳታ ማለት የተረፈንን መስጠት ብቻ ሳይሆን፣ የተቸገረው ሰው ካለበት ድረስ መድረስ መሆኑን እንረዳለን። ካውንት ፎን ሮዘን ወደ ኢትዮጵያ ሦስት ጊዜ መጡ፤ በወጣትነታቸው ለቁስለኛ፣ በጎልማስነታቸው ለተማሪ፣ በስተርጅናቸው ለተራበ። በሦስተኛው ጊዜ አልተመለሱም።

ወላጆቻችንም ሆይ፣ በቤታችሁ ግድግዳ ላይ ስላለችው ፎቶግራፍ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። የሄደው ሰው ስሙ ማን እንደ ነበረ፣ ምን ይወድ እንደ ነበረ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ወጣ ያስጽፏቸው። እኛ ተማሪዎችም ጽፈን እናስቀምጥ። ደብዛው ለጠፋ ሰው መቃብር ልንሠራለት አንችልም፤ ስሙን ግን በወረቀት ላይ ልናኖርለት እንችላለን። የትምህርት ቤት አንዱ ጥቅም ይህ አይደለምን?

ከእንግዲህ ወዲህ በዓባይ ሸለቆ ላይ አይሮፕላን ሲያልፍ እኔም እንደ እረኞቹ ቀና ብዬ አያለሁ። ነገር ግን ፍጥነቷን ብቻ አላደንቅም፤ በውስጧ ማን እንዳለ፣ ምን ተሸክሞ እንደሚሄድ፣ የሚጠብቀውም ማን እንደሆነ አስባለሁ። ወጥተው ለቀሩት ሁሉ መታሰቢያ ይሁን።